ደንቡ የሠራው ሞተር

በሞቶጂፒ የሚሮጠውን ሞተር ሳይክል የትም አገር ሱቅ ገብቶ መግዛት አይቻልም። ለውድድር ብቻ ተሠርቶ፣ ዘመኑ ሲያልፍ ወደ ሙዚየም ወይም ወደ መጋዘን ይገባል። የሱፐርባይክ የዓለም ሻምፒዮና የቆመው ግን በሌላ ሐሳብ ላይ ነው። እዚህ የሚሮጠው ሞተር ሳይክል ሰሌዳ የሚለጠፍለት፣ መብራትና የጎን መስታወት ያለው፣ ገንዘብ የቆጠረ ሰው ሁሉ ገዝቶ ወደ ቤቱ የሚነዳው መሆን አለበት። ፋብሪካው መጀመሪያ ለገበያ ያቀርበዋል፤ ዓለም አቀፉ የሞተር ሳይክል ፌዴሬሽን መርምሮ ያጸድቀዋል፤ ወደ መወዳደሪያው የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ሲሰሙት ቀላል ነው። ችግሩ የሚመጣው ፋብሪካዎች አንድ ዓይነት ሞተር ስለማይሸጡ ነው። የቦሎኛው ዱካቲ ለረጅም ዘመን የሚታወቀው በሁለት ሲሊንደር ነበር። የጃፓን ፋብሪካዎች አራት ሲሊንደር ይወዳሉ። ሦስት ሲሊንደር የሚሠሩም አሉ። እነዚህን በአንድ መነሻ መስመር ላይ አሰልፎ እኩል ናቸው ለማለት የሚለካ ነገር ያስፈልጋል። ምን ይለካ? ሻምፒዮናው በ1988 ከተጀመረ ወዲህ (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለዚህ ጥያቄ የተሰጠው መልስ ደጋግሞ ተለውጧል። መልሱ በተለወጠ ቁጥር ደግሞ ሱቅ ውስጥ የሚቆመው ሞተር ሳይክል አብሮ ተለውጧል። ስለ ሱፐርባይክ የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ነጂውንና ፋብሪካውን ያወድሳሉ፤ ደንብ አውጪው ግን ከማንም መሐንዲስ ባልተናነሰ በሞተሩ ላይ እጁ አለበት ብዬ አምናለሁ።

ነገሩን ለመከተል ሞተር ጉልበቱን ከየት እንደሚያገኝ ማወቅ ይበቃል። ቤንዚን የሚነደው ከአየር ጋር ተቀላቅሎ ነው። ሞተር በደቂቃ ብዙ አየር በሳበ ቁጥር ብዙ ቤንዚን ያነዳል፣ ጉልበቱም በዚያው ልክ ይጨምራል። ብዙ አየር ለመሳብ ደግሞ ሁለት ዋና መንገዶች አሉ፤ ሲሊንደሩን ማስፋት ወይም ሞተሩን በፍጥነት ማዞር። የሲሊንደሩ ስፋት በሲሲ ይለካል፣ የመዞሪያው ፍጥነት በደቂቃ ዙር። ከሁለቱ አንዱን የያዘ ደንብ ሌላውን ክፍት ይተዋል፤ መሐንዲሱም በክፍቱ በኩል ይገባል።

ፍጥነቱ ግን ያለ ወሰን አይጨምርም። ፒስተን ወደ ላይ ይወጣል፣ ለቅጽበት ይቆማል፣ ተመልሶ ይወርዳል። በእያንዳንዱ መመላለስ ከሚዞረው ዘንግ (ከኮሎው) ጋር የሚያያይዘውን ቢየላ እየሳበና እየገፋ ነው። የፒስተኑ አማካይ ፍጥነት በሰከንድ ከ25 ሜትር በላይ ሲሄድ የብረቱ ዕድሜ በፍጥነት ያጥራል፤ የውድድር ሞተሮችም አብዛኞቹ በዚህ ቁጥር አካባቢ ይሰበሰባሉ። ስለዚህ ፒስተኑ የሚመላለስበት ርቀት አጭር የሆነለት ሞተር በደቂቃ ብዙ ጊዜ ሊዞር ይችላል። ያንኑ ሲሲ ለብዙ ሲሊንደር ያካፈለ ሞተር ደግሞ ትንንሽና ቀላል ፒስተኖች፣ አጭርም ርቀት ይኖሩታል። የአራት ሲሊንደር ብልጫ ከዚህ ይመጣል።

የ1988ቱ ደንብ ይህንን ብልጫ ለማካካስ የተጻፈ ነው። የሻምፒዮናው ሐሳብ ጠንሳሽ አሜሪካዊው ስቲቭ ማክላፍሊን ራሱ ነጂ የነበረ ሰው ነው፤ በ1976 በዴይቶና የተካሄደውን የመጀመሪያውን የአሜሪካ ሱፐርባይክ ውድድር በቢኤምደብሊው ያሸነፈው እሱ ነበር። ደንቡ ለአራት ሲሊንደር 750 ሲሲ፣ ለሦስት 900፣ ለሁለት 1000 ሲሲ ፈቀደ። ለሁለት ሲሊንደር የተሰጠው የ250 ሲሲ ጭማሪ እንደ ችሮታ የሚመስለው ሰው ይኖራል። ሁለት ቁጥሮችን እናስተያይ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ፍሬድ መርክል ሻምፒዮን የሆነበት የሆንዳ አርሲ30 ፒስተን የሚመላለስበት ርቀት 48.6 ሚሊሜትር ነው። የዘመኑ ተፎካካሪ የዱካቲ 851 ደግሞ 64 ሚሊሜትር። የሁለቱም ፒስተኖች በሰከንድ 25 ሜትር ቢጓዙ ሆንዳው በደቂቃ ከ15,400 ዙር በላይ፣ ዱካቲው 11,700 ገደማ ይደርሳሉ። ዱካቲው የሚዞረው ከሆንዳው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው ማለት ነው። በሦስት አራተኛ ፍጥነት ያንኑ ያህል አየር ለመሳብ ሲሲው በሲሶ መጨመር አለበት፤ 750 በሲሶው ሲጨመርበት 1000 ይሆናል። ሂሳቡ ትክክል ነበር።

ስህተቱ ያለው ክብደቱ ላይ ነው። ባለ አራት ሲሊንደሩ ቢያንስ 165 ኪሎ መመዘን ሲኖርበት ለባለ ሁለቱ 140 ኪሎ ተፈቀደለት። በመጀመሪያ ማንም ብዙ አልተከራከረም፤ ዱካቲ ገና 851 ሲሲ ላይ ነበር፣ ጣሪያው ድረስ ብዙ ቦታ ቀርቶት ነበርና። ከዚያ በኋላ ግን ዱካቲ ጣሪያው ድረስ ደረጃ በደረጃ ወጣ፤ ወደ 888፣ ከዚያ ወደ 955፣ በመጨረሻም ወደ 996። ሞተሩ በሰፋ ቁጥር ፌዴሬሽኑ የክብደት ልዩነቱን ያጠብ ነበር፤ በ1990ዎቹ አጋማሽ ሁለቱም 162 ኪሎ ላይ ተገናኙ። ያም ሆኖ ከ1990 እስከ 1999 ከተሸለሙት አሥር ዋንጫዎች ስምንቱ የዱካቲ ናቸው። ሬይሞን ሮሽ፣ ዳግ ፖለን፣ ትሮይ ኮርሰርና አራት ጊዜ የነገሠው ካርል ፎጋርቲ ወሰዷቸው። በመሃል የገቡት ስኮት ራስል በ1993 በካዋሳኪ፣ ጆን ኮሲንስኪ በ1997 በሆንዳ ብቻ ናቸው። ሁለት ሲሊንደር ለስለስ ባለ ጉልበቱ ከጠመዝማዛ ሲወጣ የኋላ ጎማውን እምብዛም አያንሸራትትም፤ ይህን ጥቅም ግን ሲሲም ሆነ ሚዛን አይለካውም።

ሆንዳ ያደረገው ነገር የዚህን ጽሑፍ ሐሳብ ከማንም ንግግር በላይ ያስረዳል። አራት ሲሊንደርን የዓለም ቋንቋ ያደረገው ፋብሪካ 999 ሲሲ ባለ ሁለት ሲሊንደር ሠርቶ ለገበያ አወጣ፤ ኮሊን ኤድዋርድስም በዚያ ሞተር ሳይክል በ2000 እና በ2002 ሻምፒዮን ሆነ። ያ ሞተር ሳይክል ለመንገድ ተብሎ ተሸጧል፣ ገዢዎችም ወደውታል። የተወለደው ግን ከደንብ መጽሐፉ ገጽ ነው።

በዚያው ወቅት መንገዱ ወደ ሌላ አቅጣጫ ሄዶ ነበር። ያማሃ በ1998 አርዋንን፣ ሱዙኪ በ2001 ጂኤስኤክስ-አር1000ን አወጡ። ገዢው የሚፈልገው ባለ አራት ሲሊንደር 1000 ሲሲ ሆነ፤ አብዛኞቹ 750ዎች ከሱቅ መስኮት ጠፉ። ከምርት የሚወጣ ሞተር ሳይክል ይሩጥበት የተባለ ሻምፒዮና ሕዝቡ የሚገዛውን ሞተር ሳይክል የማያስገባ ሆኖ ተገኘ። ከ2003 ጀምሮ ደንቡ ለሁሉም 1000 ሲሲ ፈቀደ፤ ለባለ አራት ሲሊንደሮቹም በአየር መሳቢያቸው ላይ ማጥበቢያ ተደረገባቸው።

በዚህ ለውጥ የተጎዳውን አንድ ሞተር ሳይክል ሳላነሳ አላልፍም፤ ምክንያቱም ደንብ ሲለወጥ ማን እንደሚከፍል በደንብ የሚያሳየው እሱ ነው። የማሌዥያው የነዳጅ ኩባንያ ፔትሮናስ ከካርል ፎጋርቲ ጋር ሆኖ ኤፍፒ1 የሚባል ባለ ሦስት ሲሊንደር ሞተር ሳይክል አዘጋጀ። ደንቡ ለሦስት ሲሊንደር 900 ሲሲ ይላልና ሞተሩን 900 ላይ ሠሩት። ሞዴሉ እንዲጸድቅ የሚያስፈልጉት 150 የመንገድ ሞተር ሳይክሎችም ተሠሩ። መወዳደሪያው ላይ የደረሱት ግን በ2003 ነው፤ በዚያው ዓመት ሌላው ሁሉ 1000 ሲሲ ሆነ። አንድም ዙር ሳይሮጡ 100 ሲሲ ተበለጡ። ትሮይ ኮርሰር በ2004 ሽልማት መድረክ ላይ እስከ መውጣት አድርሶታል፤ ከዚያ በላይ ግን አልሆነለትም። በአራት የውድድር ዘመን አንድ ድል ሳያገኝ በ2006 መጨረሻ ተዘጋ። ማንም ደንብ አልጣሰም፤ ሥራውም የሰነፍ ሥራ አልነበረም። ሞተር ተነድፎ፣ ተፈትሾ፣ ተመርቶ ለገበያ እስኪቀርብ ዓመታት ይወስዳል፤ ደንብ ግን በአንድ ስብሰባ ይለወጣል። ደንብ አውጪዎች ከስብሰባው ቀን ይልቅ ይህን የጊዜ ልዩነት ቢያስቡ ኖሮ ከዚህ ሻምፒዮና ታሪክ ብዙ ኪሳራ ይቀንስ ነበር።

የ1000 ሲሲ እኩልነት ብዙ አልቆየም። በ2005 ኮርሰር በሱዙኪ፣ በ2007 ጄምስ ቶስላንድ በሆንዳ አራት ሲሊንደር አሸነፉ። ዱካቲም ባለ ሁለት ሲሊንደሩን በ1000 ሲሲ ተወዳዳሪ ለማድረግ ሞተሩን እጅግ ማጥበቅና በየአጭር ጊዜ መለወጥ ግድ እንደሆነበት፣ ወጪውም እንደማይቻል ተከራከረ። በ2008 ለሁለት ሲሊንደር 1200 ሲሲ ተፈቀደ። ነገር ግን በአየር መሳቢያው 50 ሚሊሜትር ቀዳዳ ያለው ማጥበቢያ ገባበት፣ ክብደቱም ከባለ አራት ሲሊንደሩ 162 ኪሎ በልጦ 168 ሆነ። ማጥበቢያ ብልህ መሣሪያ ነው፤ አየር በጠባብ ቀዳዳ በኩል ከድምፅ ፍጥነት በላይ ስለማያልፍ ሞተሩ ምንም ቢሰፋ ከተወሰነ መጠን በላይ ሊስብ አይችልም። ከማጥበቢያው ይልቅ ትኩረት የሚገባው ግን አብሮት የመጣው አንቀጽ ነው። ክብደቱም ሆነ ማጥበቢያው እንደ ውድድሩ ውጤት እየታየ በዘመኑ መካከል እንዲስተካከል ተፈቀደ። እስከዚያ ድረስ ደንብ የሚያውቀው ብረትን ነበር። ከዚያ በኋላ ውጤትን ማየት ጀመረ።

ይህ በር በሰፊው የተከፈተው በ2018 ነው። ጆናታን ሬይ በካዋሳኪ ሦስት ተከታታይ ዋንጫ ወስዶ ነበር፤ ወደ ስድስትም እየሄደ ነበር። አዲሱ ደንብ ለእያንዳንዱ ፋብሪካ የራሱን የዙር ጣሪያ ሰጠ። መነሻው የመንገዱ ሞተር ሳይክል ነው፤ ለገዢው የተሸጠው ሞተር ስንት እንደሚዞርና ከፍተኛ ጉልበቱን የት ላይ እንደሚሰጥ ታይቶ ትንሽ ይጨመርለታል። በየሦስት የውድድር ዙሩ ደግሞ ውጤት እየታየ የሞተሩ ጣሪያ 250 ዙር በደቂቃ ይቀነሳል ወይም ይጨመራል። በዚያ ዓመት ካዋሳኪ በ14,100፣ ባለ ሁለት ሲሊንደሩ ዱካቲ በ12,400 ተወሰኑ።

ፋብሪካዎቹ መልእክቱን ወዲያው ገባቸው። ውድድር ላይ ብዙ መዞር የሚፈልግ ሁሉ መጀመሪያ መንገድ ላይ ብዙ የሚዞር ሞተር መሸጥ አለበት። ካዋሳኪ የቲታኒየም ቢየላ ያለው ሞተር ሳይክል በ500 ብዛት ብቻ አውጥቶ ጣሪያውን ወደ 14,600 አሳደገ። ዱካቲ ከዚያ እጅግ ርቆ ሄደ። ሁለት ሲሊንደሩን ትቶ 998 ሲሲ ባለ አራት ሲሊንደር ፓኒጋሌ ቪ4 አርን ሠራ። በወቅቱ ለሱፐርባይክ የተቀመጠው የዋጋ ጣሪያ 40,000 ዩሮ ነበር፤ ዱካቲ በጣሊያን 39,900 ብሎ ለጠፈበት። የውድድር ጣሪያውም 16,350 ዙር ሆነ።

እነዚህ ሁለት ሞተሮች ሲሲያቸው አንድ ነው፣ ሁለቱም 998። ባለ አራት ምት ሞተር በየሁለት ዙሩ አንዴ ሲሊንደሮቹን ስለሚሞላ፣ ዱካቲው በሙሉ ፍጥነቱ በደቂቃ 8,160 ሊትር ገደማ አየር የመሳብ ቦታ አለው፤ ካዋሳኪው 7,285። አሥራ ሁለት በመቶ ይበልጣል። ይህ ከየት መጣ? የዱካቲው ፒስተን ስፋቱ 81 ሚሊሜትር፣ የሚመላለስበት ርቀት 48.4 ነው። የካዋሳኪው 76 በ55። የፒስተኖቹን አማካይ ፍጥነት ስናሰላ ዱካቲው በሰከንድ 26.4 ሜትር፣ ካዋሳኪው 26.8 ሜትር ይሆናል። ብረቱ የሚሸከመው ጫና ከሞላ ጎደል አንድ ነው! ዱካቲ ተአምር አልሠራም። ደንቡ ዙርን እንደሚለካ አይቶ፣ ርቀቱን አሳጥሮ፣ ዙሩን ገዛ። ይህን ሂሳብ ባሰላሁት ቁጥር ለዚያ ሞተር ነዳፊዎች ያለኝ አክብሮት ይጨምራል።

አልቫሮ ባውቲስታ በዚያ ሞተር ሳይክል የ2019ን የመጀመሪያ ዘጠኝ ውድድሮች አንድም ሳያጎድል አሸነፈ። በሚያዝያ ከአራጎን ዙር በኋላ ከዱካቲ 250 ዙር ተቀነሰ፣ ጣሪያውም 16,100 ሆነ። ቅነሳው በአየር ሲሰላ አንድ ተኩል በመቶ ገደማ ነው። ባውቲስታ ወደ አሰን ሄዶ ሁለቱንም ውድድሮች ደግሞ አሸነፈ፤ አሥራ አንድ ሞሉ። ያንኑ ሞተር ሳይክል የሚነዳው የቡድን ባልደረባው ቻዝ ዴቪስ ግን የዓመቱን የመጀመሪያ ድሉን ያገኘው በሐምሌ ወር በላጉና ሴካ ነው። ዋንጫውንም በመጨረሻ የወሰደው ሬይ ነበር፤ ባውቲስታ በመካከል ደጋግሞ ወድቆ ነጥቡን በተነው እንጂ 250ው ዙር አልነበረም ያቆመው። ውጤትን አይቶ ሞተርን የሚቀጣ ደንብ ከውጤቱ ውስጥ የሰውየው ድርሻ ስንት፣ የብረቱ ስንት እንደሆነ መለየት አይችልም። ለዚህ ነው የዙር ጣሪያን ከተሞከሩት ደንቦች ሁሉ ደካማው የምለው።

በ2021 ድክመቱ በሌላ በኩል ታየ። ካዋሳኪ አዲስ ሞዴል አውጥቶ 15,100 ዙር ይፈቀድልኛል ብሎ ተዘጋጀ፤ ፌዴሬሽኑ ሞተሩ አዲስ ለመባል በቂ ለውጥ የለውም ብሎ በ14,600 አስቀረው። በዚያ ዓመት የሬይ ስድስት ዓመት ንግሥና አበቃ፤ ዋንጫው ወደ ቱርካዊው ቶፕራክ ራዝጋትሊዮግሉና ወደ ያማሃ ሄደ። የዓመታት የምህንድስና ሥራ ዋጋው በ«አዲስ» እና በ«ነባር» መካከል በተሰመረ የቢሮ መስመር ተወሰነ።

በ2024 ደንቡ ከብረት አልፎ የሰው ገላ ላይ ደረሰ። ባውቲስታ በ2022 እና በ2023 ሁለት ዋንጫ ወስዷል፤ በሁለተኛው ዓመት ብቻ 27 ውድድር አሸንፏል። ሰውየው ትንሽ ነው። ቀላል ነጂ በቀጥታ መስመር ቶሎ ይፈተለካል፣ ጎማውንም ይቆጥባል። ስለዚህ ሙሉ ልብሱን ለብሶ 80 ኪሎ የሚመዝን ነጂ መለኪያ ተደረገ፤ ከዚያ ያነሰ ነጂ የልዩነቱን ግማሽ በሞተር ሳይክሉ ላይ ይጭናል። ሰባ ኪሎ የሚመዝን አምስት ኪሎ ተሸክሞ ይሮጣል ማለት ነው። ግማሹ ብቻ መሆኑ አስተዋይነት ነው፤ ምክንያቱም ትንሽ ሰው ከባዱን ሞተር ሳይክል በጠመዝማዛ ለማጋደል የሚያወጣው ጉልበትም ዋጋ አለው። የጭነቱን ብቻ ድርሻ ለይቶ ማውጣት ባይቻልም ባውቲስታ በዚያ ዓመት ሦስተኛ ወጣ።

ትንሹ ክፍል ሱፐርስፖርት ደግሞ የራሱን መንገድ ሄደ። የ600 ሲሲ ሞተር ሳይክል ገዢው እየመነመነ፣ የአውሮፓ የጭስ ደንብም እየከበደ ሲመጣ፣ በ2022 የ955 ሲሲ ዱካቲና የ765 ሲሲ ትራያምፍ የመሳሰሉት ከ600ዎቹ ጋር እንዲሮጡ ተፈቀደ። ሚዛኑ የሚጠበቀው የነዳጅ መስጫው በየትኛው ዙር ምን ያህል እንደሚከፈት በኮምፒውተር በመገደብ ነው። እዚያ ገበያው ቀድሞ ሄዷል፣ ደንቡ ተከትሎታል።

ሱፐርባይክ አሁን የደረሰበት መለኪያ ነዳጅ ነው። ከ2025 ጀምሮ ፋብሪካዎችን የሚያመጣጥነው ወደ ሞተሩ የሚፈሰው ቤንዚን ነው፤ በዚያ ዓመት መነሻው ለሁሉም በሰዓት 47 ኪሎ፣ ማስተካከያው በግማሽ ኪሎ በግማሽ ኪሎ ነበር። ሰባት ባለሙያ ሴቶች እኩል ጤፍ ተሰፍሮላቸው ማን ብዙ እንጀራ እንዳወጣች እንደ ማየት ነው፤ ምጣዱ ስንት እንደሆነ ማንም አይጠይቅም። አርባ ሰባት ኪሎ በሰዓት ማለት በሰከንድ 13 ግራም ነው። አንድ ኪሎ ቤንዚን 43 ሜጋጁል ገደማ ሙቀት ይሰጣልና ወደ ሞተሩ የሚገባው ከ750 ፈረስ ጉልበት ጋር የሚተካከል ነው፤ አብዛኛው ሙቀት በማርሚታውና በራዲያተሩ ይወጣል፣ ወደ ጎማ የሚደርሰው ሲሶ ያህል ብቻ።

እኔ ይህንን ከቀደሙት ሁሉ እመርጠዋለሁ። ሲሊንደር አይቆጥርም፣ ፒስተን አይለካም፣ ብልሃትንም አይቀጣም። በእርግጥ ማስተካከያው አሁንም ውጤትን ያያል፤ የሰውንና የብረትን ድርሻ የመለየት ችግሩም አልተፈታም። ራዝጋትሊዮግሉ በ2025 በቢኤምደብሊው ሲያሸንፍ ስንቱ የቤንዚኑ፣ ስንቱ የእጁ ነው ብሎ የሚመልስ መሣሪያ የለም። መሐንዲሶቹ ግን ወረቀታቸውን ዘርግተዋል። የሚፈሰው ነዳጅ ከተወሰነ በኋላ ከአንድ ቦታ በላይ መዞር ሰበቃን ከመጨመር በቀር ጥቅም አይኖረውም። በ2019 የታየው የሰፊ ፒስተንና የአጭር ርቀት ብልጫ ከዚህ በኋላ ይጠባል፤ የሚቀጥለው ሞተር የሚነደፈው ከእያንዳንዱ ግራም ትንሽ ተጨማሪ ሥራ ለማውጣት ነው። ያም ሞተር ከመሮጡ በፊት ሰሌዳ ተለጥፎለት፣ መብራትና መስታወት ተገጥሞለት መሸጥ አለበት።